መሪጌታ ያልገቡበት ፈተና

ማርያማዊት ላፕቶፑን አንሥታ ክፍሉን ዙሪያውን አሳየች። አዲስ አበባ ተቀምጦ በካሜራ የሚጠብቃት ፈታኝ የአልጋውን ሥር እንኳ አልማረም። በመጨረሻም «ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነሣ» ብሎ ጻፈላት። የበዓላት መቁጠሪያው ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ራሳቸው አወረዱት።

«እዚያ ሆኖ ይኼን ሁሉ ያያል?» አሉ።

«ያያል፣ አባ። አደራዎን፣ እስክጨርስ ሰው እንዳይገባ።»

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ ይገባል!» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ወጡና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ፈተናውን ጀመረች እንጂ ልቧስ አላረፈም። ትሠራበት የነበረው ሆቴል እንግዳ ከራቀው ወዲህ ተዘግቷል። አሁን የሚፈትናት የጉዞ ድርጅት ከቀጠራት እዚሁ ላሊበላ፣ ከቤቷ ሳትወጣ ትሠራለች። ካልሆነ ማክሰኞ በጋሸና አድርጋ አዲስ አበባ፣ አክስቷ ዘንድ መሄዷ ነው። ዓይናቸው የደከመ አባቷን ለማን ጥላ?

ጥፋቱ የአስተዳደጓ ነው። ከአባቷ ተማሪዎች ኋላ ተቀምጣ ዳዊት የደገመች ልጅ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማሰብን ከየት ትማረው? የእንግሊዝኛውን ጥያቄ በአማርኛ ታነበንባለች፤ ቁጥር ሲመጣ የጣቷን አንጓ እየቆጠረች ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ዐሥረኛው ጥያቄ ላይ «ዓይንዎ ከስክሪኑ ወጥቷል፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ» ሲል ፈታኙ ጻፈላት። ዓይኗን መለሰች። ከንፈሯ ግን እንቢ አለ።

ከአርባው ጥያቄ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ደረሰች። «አራት ሰዎች አንድን ሥራ በዐሥራ ስምንት ቀን ይጨርሳሉ፤ ሦስት ቢሆኑስ በስንት ቀን?» ብላ ለራሷ አነበነበች።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት? ሁለተኛና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ከእንግዲህ ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይዘጋል።»

«ለብቻዬ ነኝ፤ እያሰላሁ ነው» ብላ ጻፈች። ሰውየውን ጠላችው። የሰው ከንፈር ሲጠብቁ መዋል፣ ይኼም ሥራ ሆኖ! ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ ቁጥሩ ጠፋባት፤ አራቱ ከሦስቱ ተምታታባት። እንደገና ጀመረች።

ያን ጊዜ ከደጅ የመቋሚያው ድምፅ ተሰማ። ኳ፣ ኳ። አባቷ ተነሥተዋል።

ማርያማዊት ነገሩ ገባት። መሪጌታ አርባ ዓመት ሲያስተምሩ ዝምታን የሚያውቁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪው ጠፍቶበታል ማለት ነው። ለጠፋበት ተማሪ ቃሉን የማያቀብል መምህር ደግሞ እሳቸው ዘንድ መምህር አይባልም። ጥያቄውን ሰምተዋል። ቁጥር እንደሆነ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀመር ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «ተዉ፣ አባ!» ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ብትጮኽም ፈተናው ይዘጋል። ሰባ ሁለትን ለሦስት አካፈለች፤ መልሱን አገኘችው፤ ጣቷን ሰደደች። የመቋሚያው ድምፅ መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ሃያ አራት! ሃያ አራት ቀን ነው፣ ልጄ!»

ሃያ አራትን ተጭናለች። ስክሪኑ ግን ነጭ ሆነ። «የሌላ ሰው ድምፅ ተሰምቷል። ፈተናው ተዘግቷል።»

የፈሩት ይደርሳል። ልትቆጣ ተነሥታ በሩን በረገደችው። አባቷ ከበሩ መድረክ ወዲያ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«ልክ ነው?»

ቁጣዋን ተወችው። «ልክ ነው፣ አባ።»

«እኔ እንደሆንሁ እግሬን አላስገባሁም። አደራሽን ጠብቄያለሁ።»

«ጠብቀዋል» አለች። እንባዋ ወረደ፤ ዓይናቸው አላየላትም።

«በይ እንግዲህ፣ መቁጠሪያውን መልሰሽ ስቀይው። ከእንግዲህማ የትም አትሄጂም።»

ሰቀለችው። ምስማሩን ሁለት ጊዜ ስታው በሦስተኛው ያዘላት። ማክሰኞ ሦስት ቀን ቀርቶታል።