ድንኳኑ የታሰረበት ቢጫ ሣጥን

«ማነው እዚያ ላይ የተቀመጠው?» አለች ተሾመች፣ ከፍራሹ ላይ ልትነሣ እየታገለች።

ሴቶቹ ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። ባሏ ኩማ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሐዘንተኛ አይነሣም፤ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ትንሽ ቅመስ ሲሉት እምቢ ይላል፣ የቀረውን ሁሉ ሌላው ይሠራል። ለቅሶ ቤት ከባለቤቱ በቀር ሁሉም አዛዥ ነው።

«ኢርሻድ ነዋ፣ ጎረቤትሽ» አለች አጠገቧ ያለችው ጣሂራ። «ምነው?»

በተከፈተው በር ድንኳኑ ይታያል። የእድሩን ድንኳን የሚያስተክለው ኢርሻድ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቢጫ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የድንኳኑ ገመድም በሣጥኑ እጀታ ታስሯል።

«ከክፍሉ ማን አወጣው?»

ያወጣው ከቦኬ የመጣው የኩማ ታናሽ ወንድም ጂሬኛ ነበር። የግቢው ድንጋይ ንጣፍ ካስማ አላስገባ ሲል «ከባድ ዕቃ ፈልጉ» ተባለ። ጂሬኛ ጓሮ ያለችውን የተቆለፈች ክፍል ሰብሮ ገባና ሣጥኑን እየጎተተ አወጣ። ተሾመች ያኔ መቃብር ላይ ነበረች። እሱንም ጎበዝ ብለው መርቀውታል።

«ሰዎቹን ከዚያ አርቁልኝ። እባካችሁ!»

ሴቶቹ ተያዩ። ለቅሶ የመጣ ሰው ተነሥ ይባላል እንዴ?

«ሐዘኑ ነው» አለች ጣሂራ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውኃ አምጡላት።»

ተሾመች ውኃውን አልነካችውም። ያቺን ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠልታታለች። ኩማ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ የአፈር ቴክኒሻን ነበር። የመንገዱ አፈር በደንብ መጠቅጠቁን የሚለካው በዚህ ሣጥን ውስጥ ባለው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ሆድ ውስጥ ደግሞ ጨረር የሚያወጣ ነገር አለ። ድርጅቱ ከሥሮ ሲበተን አለቆቹ መኪናውን፣ ወንበሩን፣ መጋረጃውን ሳይቀር ወሰዱ። ሣጥኑን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አሮጌ ብረት ሰብሳቢዎች ጭነውት ሊሄዱ ሲሉ ኩማ ሂርና ድረስ ተከትሎ፣ ለምኖ ተቀበላቸው። በሚኒባስ የኋላ ዕቃ መጫኛ አስጭኖ ቤቱ አመጣው።

«እንዲህ ያለ ነገር ቤት ይገባል?» ብላ ጮኸችበት ያን ቀን።

«ካልተከፈተ አይጎዳም፣ ተሹ። የሚያስፈራኝ የከፈቱት ቀን ነው። አፈር ውስጥ ቢገባ፣ ወንዝ ቢገባ፣ የልጅ ልጆቻችን ድረስ አይለቅም።»

ክፍሏን ባዶ አድርጎ፣ ሣጥኑን ከመኝታቸው በጣም በራቀው ጥግ አኑሮ ቆለፈ። ለማንም እንዳትነግር አስማላት፤ ያለ ወረቀት ስላነሣው ሌባ ይሉኛል ብሎ ይፈራ ነበር። ለድርጅቱ ባለቤቶች በየዓመቱ ጻፈ፤ መልስ የለም። ከስድስት ዓመት በፊት እድሩ ለድስትና ለወንበር ማስቀመጫ ክፍሏን ሲለምነው እምቢ አለ፤ ሰፈሩ «ንፉግ» አለው። ስሙን ዋጥ አድርጎ ኖረ። በቅርቡ ነው ጨክኖ አዲስ አበባ ሄዶ ለጨረር ተቆጣጣሪዎቹ የነገራቸው። እንመጣለን ብለው ቀን ቆረጡ። ያ ቀን ነገ ነው። ኩማ ግን ባለፈው እሑድ ቁርሱን እየበላ ልቡ ቆመ።

ሌላ ሰው ሣጥኑን ቢወስደውስ? ውድ ዕቃ ያለበት መስሎት ቢፈታውስ? እሱ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀውን እኔ በሁለት ቀን ልጣለው? አለች በልቧ፤ በራሷም በጣም አፈረች።

ተነሣች። ሴቶቹ ቢይዟትም ገፋ አድርጋቸው ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ገባች።

«ኢርሻድ፣ ወንድሜ፣ ተነሥ። ሁላችሁም ወደዚያ ራቁ። እያባረርኳችሁ አይደለም።»

ከዚያ ነገረቻቸው፤ ሣጥኑ ምን እንደሆነ፣ ባሏ ለምን በር እንደቆለፈ። ጂሬኛ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዋቃዮ! እትዬ፣ ምን አድርጌ ነው!»

«አላወቅክም፤ እኛም አልነገርንህም። ቁልፉን እይልኝ፤ የሣጥኑ ቁልፍ ተነክቷል?»

ጂሬኛ ጎንበስ ብሎ አየ። አልተነካም። ኩማ እንደነገራት አዘዘቻቸው፤ ቶሎ፣ ሳይከፍቱ፣ ሌላ ሰው ሳይጠጋ። ጂሬኛና ኢርሻድ በትርፍ የድንኳን እንጨት አንጠልጥለው ወደ ክፍሉ መለሱት። ገመዱ ሲፈታ ድንኳኑ አንድ ወገኑ ዘመመ። ኢርሻድ ተመልሶ ገመዱን በእጁ ያዘና፣ በጆንያ ድንጋይ እስኪመጣ ድረስ ቆመ።

«ያ ረቢ! ስድስት ዓመት ንፉግ እያልኩ ሳማው ነበር» አለ፤ እንባው ጺሙ ላይ እየወረደ።

በማግስቱ ሠልስት ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ከረፋዱ ደረሱ። የለቅሶ ቤት መሆኑን ሲያዩ ደንግጠው አስቀድመው አለቀሱ። ከመጡት ከሁለቱ አንዷ፣ ወጣቷ ባለሙያ ገሊላ፣ መለኪያዋን ሣጥኑ ላይ፣ ንጣፉ ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ አዞረች።

«ምንም የፈሰሰ የለም። ተቀምጠውበት የነበሩትም አይስጉ» አለች።

ሣጥኑ በከባድ መያዣ ተጭኖ ሲያበቃ ተሾመች ጠጋ ብላ ጠየቀቻት። «ያለ ወረቀት ነው ያነሣው። ሌባ ብላችሁ ትጽፉት ይሆን?»

«እማማ፣ እሳቸው ባያነሡት ይሄን ዛሬ የምንፈልገው ቀልጦ የቤት ቆርቆሮ ከሆነ ብረት ውስጥ ነበር።»

ቅጽ ዘረጋችላት። «ያስረከበው ሰው ስም» ይላል።

ተሾመች እስክሪብቶውን ተቀብላ «ኩማ» ብላ ጻፈች። ገሊላ ልታርማት አፏን ከፍታ ተወችው። ዝቅ ብሎ ያለው የፊርማ ቦታ ላይ ተሾመች የራሷን ፈረመች። አንዲት እንባዋ ከወረቀቱ ዳር ጠብ አለች። በነጠላዋ ጫፍ ቶሎ አደረቀቻት፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ቀለሙ እንዳይበላሽ፣ ስሙን እፍ እፍ አለችበት።