ቀጭኑ ክር ከላይ

ኤልቤቴል የቅዳሜዎቹን ሰዎች ያገኘቻቸው የጊታር ገመድ ፍለጋ ወጥታ ነው። ጊታርን ከማጉያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ዲላ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። የጠየቀችው ሁሉ የላካት ወደ ጋሽ ይርጉ ጥገና ቤት ነበር። ጋሽ ይርጉ የከተማውን ቴፕና ቴሌቪዥን፣ የየቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ገመዱን ከመስጠታቸው በፊት ግራ እጇን ይዘው የጣቶቿን ጫፍ ዳበሱ።

"ይሄ ቆዳ በአንድ ቀን አልደደረም" አሉ።

"ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ለራሴ ነው የምጫወተው።"

"እኛስ ለማን የምንጫወት መሰለሽ? ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ጪጩ ነይ። ሦስት ነን። ከፋይ የለን፣ አጨብጫቢ የለን።"

ኤልቤቴል በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ነገር የምትወስነው ቀስ ብላ ነው። ሁለት ቅዳሜ አሳለፈችና በሦስተኛው ጊታሯን አዝላ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ጪጩ ባጃጅ ያዘች።

የሚሰባሰቡት አዝመራ እስኪደርስ ባዶውን በሚቆም የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ጆንያ ሰቅለዋል። መጋዘኑ የሱፍያን አጎት ነው። ሱፍያን ራሱ ከወርቃ ከተማ እስከ ዲላ አይሱዙ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ የማያንስ ጎልማሳ ነው። ሦስተኛዋ ትንቢት ትባላለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመራውን ሊድ ጊታር ትጫወታለች።

"ባለቤትሽ አይቆጣም?" አላት ሱፍያን ገና ወንበር ሳትስብ፣ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አይቶ።

"እሱ ነው ያስተማረኝ።"

"ማሻላህ! ማን ይባላል?"

"ባርናባስ።"

"በይ ሰላም በይልኝ። አንድ ቀን እሱንም ይዘሽው ነይ።"

"እሺ" አለች። ከዚህ በላይ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልጨመረችም።

የቅዳሜዎቹ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ጊታሩን በቀኙ ላለው ሰው ያቀብላል። የተቀበለው ጊታሩን ይቃኛል፤ የመጀመሪያውንም ዜማ በዚያው በሰው ጊታር ይጫወታል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይመለሳል። ደንቡን ያወጡት ጋሽ ይርጉ ናቸው።

"ሰው የራሱን ሲቃኝ ጆሮው ያዳላለታል" ይላሉ። "ደግሞ ጊታርህን ያላስነካኸውን ሰው ጓደኛዬ አትበለው።"

ኤልቤቴልም ጊታሯን ለትንቢት አቀበለች። ትንቢት አቅፋ ክሮቹን አንድ ጊዜ መታ አደረገችና ጮኸች።

"እንዴ! ይሄ ነገር ተገልብጧል እኮ! ወፍራሙ ክር ታች፣ ቀጭኑ ላይ። ኤልቢ፣ ማነው እንዲህ የሸወደሽ?"

ጊታሩ ከእጅ እጅ ዞረ። ሱፍያን ከትከት ብሎ ሳቀ። አንድ ጊዜ በስተግራ፣ አንድ ጊዜ በስተቀኝ ይዞ ሞከረና ተስፋ ቆረጠ። ጋሽ ይርጉ መነጽራቸውን አውልቀው ከአንገቱ ጀምሮ መረመሩት።

"ለምጄዋለሁ" አለች ኤልቤቴል ብቻ።

ጊታሩ ሲመለስላት ባቲ ቅኝት ተጫወተች። እጇ ከእነሱ እጅ በተቃራኒ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ሱፍያን ሳቁን ዋጠ። እዚያው አባል ሆነች፤ ማለትም ፕላስቲክ ወንበር ተመደበላት።

ደንቡ ግን እሷ ጋ ሲደርስ ይሰናከል ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሦስቱ ጊታር ይለዋወጣሉ፤ እሷ የራሷን ይዛ ዳር ትቀመጣለች። የእሷን ማንም አይችልበትም፤ እሷም የእነሱን አትችልበትም። በአምስተኛው ቅዳሜ ጋሽ ይርጉ ቁርጡን ነገሯት።

"እንዲህ እየሆነ እስከ መቼ? እንግዳ ሆነሽ ልትቀሪ ነው። ክሩን እንደ ሰው ክር እናዙረው። መጀመሪያ ያስቸግርሻል፣ ከዚያ ትረሺዋለሽ።"

"ላስብበት" አለች።

አሰበችበትም። ቤቷ ገብታ ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ክሮቹ የተጠመጠሙበትን ቁልፍ አንድ በአንድ አየች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትቃኝ ታጠብቃለች፣ ታላላለች እንጂ አንዱንም ፈትታ አታውቅም። ሳትፈታ ከቀረች ቅዳሜን ታጣለች። ቅዳሜ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ሰው ስሟን እያቆላመጠ የሚጠራበት ብቸኛው ቀን ሆኗል። ቆይታ ጊታሩን ወደ ቦርሳው መለሰችው።

ሱፍያን በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ በፌስታል ስምንት አቮካዶ ይሰጣታል። "አራቱ ያንቺ፣ አራቱ የባርናባስ። ሰላም በይልኝ" ይላል። እሷ "እሺ" ትላለች። አራቱን ለክሊኒኩ ዘበኛ ትሰጣለች።

በሰባተኛው ሳምንት የጊታሩ ገመድ መሰኪያ መንጫጫት ጀመረ። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ስትወጣ ጋሽ ይርጉ ጥገና ቤት አስቀምጣው ሄደች። "ለቅዳሜ ይደርሳል፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ" አሏት።

ቅዳሜ መጋዘኑ ስትደርስ ሦስቱም ቀድመዋት ተቀምጠዋል። የሱፍያን ዝምታ ብቻውን አንድ ነገር እንዳለ ይናገራል። ጋሽ ይርጉ ያመጡትን የጊታሯን ቦርሳ ከፈተች። ስድስት አዲስ ክሮች አብረቀረቁ፤ ወፍራሙ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች።

"መሰኪያውን ስበይድ እግረ መንገዴን አስተካከልኩልሽ" አሉ ጋሽ ይርጉ፤ ፊታቸው በርቷል። "ክሩን ያስመጣው ሱፍያን ነው፣ ከአዲስ አበባ። ለመጠየቅ አፍረሽ እንደሆነ ገብቶናል።"

"አሮጌዎቹስ?"

"ክሮቹ? ቆራርጬ ጣልኳቸው። ዝገው አልቀዋል እኮ! አንድ ቀን እጅሽን ይቆርጡሽ ነበር።"

ኤልቤቴል ጊታሩን ከቦርሳው አወጣችው። "አመሰግናለሁ" አለች።

ጊታሮቹ ዞሩ። ትንቢት የኤልቤቴልን ተቀብላ በሁለት ደቂቃ ቃኘችው። "ኤልቢዬ፣ ጊታርሽ ገና ዛሬ ሰው ሆነ" ብላ ቀለደችና የመጀመሪያውን ዜማ ተጫወተችበት። ያ ጊታር በሌላ ሰው እጅ በሥርዓቱ ሲጮህ ኤልቤቴል ከሦስት ዓመት ወዲህ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እሷ የጋሽ ይርጉን ጊታር ታቅፋ ክሩን አልነካችም።

ተራው ደርሶ ጊታሯ ተመለሰላት። ጣቷን እንደ ልማዷ አሳረፈች። የወጣው ድምፅ ያሰበችው አልነበረም። ደገመች። አሁንም አልሆነም።

"በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ" አሉ ጋሽ ይርጉ።

እሺ ልትል ትችል ነበር። እሺ ማለት አይከብዳትም፤ ሁለት ወር ስትለው ቆይታለች። ጊታሩን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው።

"ጋሽ ይርጉ፣ ይመልሱልኝ።"

"ምኑን?"

"ክሩን። ቀጭኑ ከላይ ይሁን።"

ሱፍያን ሳቀ። "ሰው ከስህተቱ ጋር እንዲህ ይዋደዳል?"

"ስህተት አይደለም" አለች። ድምፅዋ የምርመራ ውጤት እንደሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። "ባርናባስ ግራኝ ነበር። ጊታሩ አንድ፣ እኛ ሁለት። እሱ ለግራ እጁ እንዲመቸው አድርጎ አሰረው፤ እኔ በቀኝ ይዤ እንዳለ ተማርኩበት። የካቲት ላይ ሦስት ዓመት ሞላው። ከሞተ ወዲህ ክሩ አልተፈታም ነበር።"

ትንቢት ተነሥታ ማጉያውን አጠፋችው።

"ሰላም በይልኝ ስልሽ…" አለ ሱፍያን።

"አዎ።"

"እሺ ትይኝ ነበር።"

"አዎ።"

ሱፍያን ወደ መሬት አየ። "አላህ ያጥናሽ" አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሽ ይርጉ መነጽራቸውን አደረጉ። ጊታሩን ከጉልበቷ ላይ ሲያነሡ እጃቸው ከወትሮው የዘገየ ነበር። "ሳልጠይቅ ነካሁት" አሉ። "ደግነቱ የአዲሶቹን ጫፍ ገና አልቆረጥኩትም፤ ይዞራሉ። የሱን ግን…"

"የሱ አይመለስም" አለች ኤልቤቴል። "ቦታቸው ይመለስ።"

ስድስቱን ክር ፈትቶ ቦታ ለማቀያየር አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ጋሽ ይርጉ ይፈታሉ፣ እሷ ታስራለች። ባርናባስ ክሩን ቁልፉ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጥም ነበር፤ እሷም ሦስት ጊዜ ጠመጠመች።

"እና ደንቡስ?" አለች ትንቢት፣ ሲጨርሱ። "ልንሰርዘው ነው?"

"ምን ቆርጦን!" አሉ ጋሽ ይርጉ። "ጊታሩ ይዞራል። የእሷንም እንለምደዋለን። በይ፣ አንቺ ጀምሪ።"

"እኔ? ጋሼ፣ ፈተና አለብኝ እኮ!"

"ይሄም ፈተና ነው። ያዢው።"

ትንቢት ጊታሩን እያጉረመረመች ተቀበለች። ኤልቤቴል ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እሷ የተማረችው እንደዚያ ነው፤ ባርናባስ ከፊቷ ተቀምጦ አያያዙን ሲያሳያት የእጁ አቅጣጫ እንደ መስተዋት ከእጇ ጋር ይገጥም ነበር። ከትንቢት ጋር ግን አልገጠመም። ሁለቱም በቀኝ የሚጫወቱ ናቸው። ኤልቤቴል ይህን ስታይ ተነሥታ ወንበሩን አዞረችና ከጎኗ ተቀመጠች።

"ቀጭኑን ከላይ ፈልጊው" አለቻት። "እሱ አይደለም። ከሱ በላይ ያለው።"

"ይሄ ጊታር ሊገለኝ ነው።"

"አይገልም። እንደገና።"

በአራተኛው ሙከራ አንድ ንጹሕ ድምፅ ወጣ። ትንቢት "ዋው!" ብላ እጇን ወደ ላይ ወረወረች፤ በዚያም ቅጽበት ቦታውን አጣችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነሡ። ሱፍያን እንደ ሁልጊዜው ፌስታሉን ይዞ ባጃጁ ድረስ ሸኛት። ሊሰጣት ዘረጋና ቆመ።

"ምን ብዬ ልስጥሽ እንግዲህ?"

"ለኔ ብለህ ስጠኝ።"

"ስምንቱንም?"

"ስምንቱንም" አለችና ጊታሯን እግሯ መሃል አቁማ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠች።