ላፕቶፑ ትርፍ ናት ያላት ነርስ

ምንይችል የተባለው ኤክስፐርት ከባሕር ዳር ላፕቶፑን አንግቶ እንጅባራ ሲገባ፣ ሆስፒታሉን በሁለት ሳምንት ቀጥ ሊያደርገው ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ የውሸት ሆስፒታል ሠራ። የውሸት በሽተኛ እያስገባ፣ የውሸት ኦፕራሲዮን እያስደረገ፣ ስንት ነርስ እንደሚበቃ ያሰላል። የውሸት በሽተኛ መቼም ጨዋ ነው፤ አይፈራም፣ አይጠይቅም፣ ወንድሜ ካልመጣ አይልም።

ሲስተር ማናለብሽን ሰዓት ይዞ ሦስት ቀን ተከተላት። ከገጠር የመጣ በሽተኛ ጋር ቁጭ ብላ በአዊኛ ስታወራ ባየ ቁጥር «ሥራ ፈት» ብሎ መዘገበ። ሰኞ ጠራት።

«በፕሮግራሙ መሠረት ትርፍ ነሽ። ካርድ ክፍል ትሄጃለሽ።»

«እንደ ትርፍ አንጀት ልትቆርጠኝ ነዋ።»

«እኔ አይደለሁም፣ ቁጥሩ ነው።»

«ቁጥሩማ ምን ያርግ፤ ያጎረስኸውን ነው የሚውጥ።»

አሥራ አምስት ዓመት የሠራችበትን ኦፕራሲዮን ክፍል ትታ የካርድ አቧራ ስታራግፍ ዋለች።

በማግስቱ አባባ ውዱ የሚባሉ ገበሬ ቡአቸው ታንቆ በቃሬዛ መጡ። አማርኛቸው ድንች ለመሸጥ ይበቃል እንጂ ሆድ ለማስቀደድ አይበቃም። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ዓባይነህ ለኦፕራሲዮኑ ቶሎ ይፈርሙ አለ። ኤክስፐርቱ ራሱ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ ቀረበና ስለ ሁለት በመቶ ስጋት አብራራላቸው። ሽማግሌው ቀለሙን ሲያዩ ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁ።

«መሬቴን አልሰጥም» አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ጣት ቀለም የሚነካው መሬት ሲሄድ ነው።

ሆዳቸው እየተነፋ፣ አልጋው ባዶውን፣ ሐኪሙ ታጥቦ ቆሞ አንድ ሰዓት አለፈ። ላፕቶፑ ላይ ግን አባባ ውዱ ድሮ ተሰፍተው ተኝተዋል።

ዶክተሩ ማናለብሽን አስጠራ። ኤክስፐርቱን ቀና ብላም ሳታይ አጠገባቸው ቁጭ አለች። በአዊኛ መጀመሪያ ስለ በሬያቸው፣ ቀጥላ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቢላዋው መጨረሻ ላይ አወራቻቸው። በሃያ አምስት ደቂቃ ጣታቸውን ሰጡ።

«ይህን ወሬስ ምን ብለህ ጻፍኸው?» አለችው ኤክስፐርቱን፣ አልጋውን እየገፋች።

ምንይችል ሰዓቱን ኪሱ ከተተ።

«ሥራ ብለህ ጻፈው» አለ ዶክተሩ። «እሷም ከኔ ጋር ትገባለች።»

ሽማግሌው በደህና ወጡ። ማናለብሽ ጓንቷን እያወለቀች ብቅ ስትል፣ ኤክስፐርቱ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል።

«ላፕቶፑ ምን አለህ?»

«አንድ ነርስ ይጎድላችኋል አለ።»

«እሱስ ከጌታው ቀድሞ ገባው» አለችና ቀጣዩን በሽተኛ ልታናግር አለፈች።