ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥርስ

ሐኪሟ ትንሿን መስታወት ከነፍሰ ጡሯ አፍ አውጥታ መብራቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«የትኛው ነው ያመመሽ?»

«ያመመኝ የለም።» ነፍሰ ጡሯ የአምስት ወር ሆዷ ላይ የተነጠፈውን ወረቀት አስተካከለች። «ከላይ በቀኝ ያለውን፣ የመጨረሻውን ይንቀሉልኝ።»

«እሱማ ጤነኛ ነው። ምን አደረገሽ?»

«ምንም። አንዱ መሄዱ ካልቀረ ከኋላ ይሂድ ብዬ ነው።»

ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስታወራና ፈገግ ስትል ነው የምትውለው። ልጁ የፊት ጥርሷን እንዳይወስድባት ስታስብ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች።

ሐኪሟ ግራ እንደገባት ያየችው የነፍሰ ጡሯ እናት በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆና አስረዳች።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ገና አልወለድሽም መሰለኝ። ልጅ አጥንቱን የሚሠራው ከእናቱ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥርስ ይሄዳል። እኔ አራት ወልጄ አራት ሰጥቻለሁ።» ከንፈሯን በጣቷ ገልብጣ አሳየች። «ይኼ የትልቁ። ይኼ የተከታዩ። ይኼ የመጨረሻው። ይቺ የፊቷ ደግሞ የእሷ ናት፤ ስግብግብ፣ ምርጡን አይታ ወሰደች!»

ልጅቷ እንደ ልማዷ ሣቀች። ቀልዱን ስትሰማው ነው ያደገችው። ስድስት ዓመቷ ላይ የወለቀ የወተት ጥርሷን አጥባ «እንኪ እማዬ፣ መለስኩልሽ» ብላ ሰጥታት ቤተሰቡ ሁሉ በሣቅ ፈርሶ ነበር። እሷ ግን የምሯን ነበር። ካደገችም በኋላ ከእናቷ ጋር ተጣልታ በወጣች ቁጥር ያ ክፍተት ድቅን ይልባትና ከመንገድ ትመለስ ነበር።

ሐኪሟ አልሣቀችም። ጓንቷን ሳታወልቅ በርጩማዋን ወደ እናትየው አዞረች።

«እማማ፣ ጥርሶቹ ከመውለቃቸው በፊት ምን ይሆኑ ነበር?»

«ያረገዝኩ እንደሆን ድዴ ያብጣል፣ ይደማል። ቆይቶ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል።»

«ሲደማ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ብሩሹን አስቀምጠዋለኋ! የሚደማ ነገር ይፈቀፈቃል እንዴ? ልጁ ጡት እስኪጥል አልነካውም።»

«በየእርግዝናው?»

«በእያንዳንዱ። ጥንቁቅ ነኝ እኮ እኔ።»

ሐኪሟ በርጩማዋን ወደ እናትየው ጠጋ አደረገች።

«ልጅ ከእናቱ ጥርስ ምንም አይወስድም፤» አለች ቀስ ብላ። «አጥንቱን የሚሠራው እናቱ ከምትበላው ምግብ ነው። በእርግዝና ጊዜ ድድ በቀላሉ ይቆጣል። የሚደማው ጥርሱ ሥር ቆሻሻ ስለተጠራቀመ ነው፤ መድኃኒቱም በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነበር። ሲተዉት ቆሻሻው ይጠጥራል፣ ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት እያለቀ ይሄዳል።»

«እና?»

«እናማ፣ ጥርሶችዎን ልጆችዎ አልወሰዷቸውም።»

ልጅቷ ከተጋደመችበት ቀና አለች።

«እማዬ፣» አለች፤ ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «የፊት ጥርስሽን የወሰድኩት እኔ አይደለሁማ።»

 እናትየው መዳፏን አፏ ላይ አደረገችና እንደ ተቆጣ ሰው ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ማን ነገረኝ? ስንት ጊዜ ጥርስ ነቃይ ጋ ሄጃለሁ! ያስቀምጠኛል፣ ይነቅላል፣ ጥጥ ያስነክሰኛል፣ በይ ሂጂ ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ለምን ተነቃነቀ ያለኝ የለም!»

«ማንም ካልነገረዎት በምን ያውቃሉ» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ልጅቷን አየቻት። «አንቺስ? መቦረሽ ካቆምሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሁለት ወር።» እናቷን ላለማየት ጣሪያውን አየች።

«ዛሬ እናጸዳዋለን። የሚነቀል ጥርስ የለሽም።»

እናትየው ብድግ ስትል ቦርሳዋ ከጭኗ ላይ ወደቀ።

«የወንድምሽ ሚስት!»

«ምን ሆነች?»

«ስድስተኛ ወሯ አይደል? እሷንም እንዳንቺው ነው የመከርኳት። የኋላውን ቶሎ አስነቅይ ብያታለሁ። ደውይላት! አሁኑኑ!»

ልጅቷ ሁሉም እንዲሰሙ የስልኩን ድምጽ ከፍ አድርጋ ደወለች።

«አቤት እትዬ!» የወንድሟ ሚስት ድምጽ የታፈነ ቢሆንም ደስታ ነበረበት። «ብዙ ማውራት አልችልም፤ ጥጥ ነክሻለሁ። ከነቃዩ ጋ መውጣቴ ነው። እማማ አጠገብሽ አሉ? ንገሪልኝ፣ ሁለት አስነቀልኩ።»

«ሁለት?»

«ትናንት ሐኪም ቤት መንታ ነው አሉኝ እኮ! ለእማማ ልንገራቸው ብዬ ስቸኩል ነበር። ሰሙኝ? ደስ አላላቸውም?»

እናትየው ስልኩን ከልጇ እጅ ተቀበለች። 

«እኔ ነኝ» አለች። «ጥርሶችሽን የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ።»