ዶሪ የያዘችው ሣር

ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። የዶሪ ባል ሲሞት ወንድሙ መሬቱን ነጠቃት። ከመንደሯ ከዳሪሙ በእግሯ ጎሬ ፍርድ ቤት መጣች፤ ጠበቃው ቀጀላ ያለ ዋጋ ቆመላት።

ችሎት ፊት እንደ አገሯ ልማድ እርጥብ ሣር ይዛ ቀረበች።

«ክቡር ዳኛ፣ ሣር የሚይዝ በዳይ ነው» አለ የባሏ ወንድም። «ጥፋቷን አምና ምሕረት መለመኗ ነው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አነሡ። ዶሪ አማርኛ አታውቅም፤ ሣሯን እንደያዘች ቆመች።

ቀጀላ ከእጇ ግማሹን ሣር ወስዶ ያዘ። «እኔም ይዣለሁ፤ እኔስ ምን አጠፋሁ? እኛ ዘንድ ፍርድ የሚለምንም ሣር ይይዛል።»

«በነጻ የቆመ ጠበቃ ደሞዙ ሣር ነው!» ሲል ሰውየው ሳቀ።

ዳኛው አልሳቁም። «ጥፋቷን አላመነችም። ምስክር ይሰማ፤ ለግንቦት ተቀጥሯል።»

ውጭ ቀጀላ የተባለውን በኦሮምኛ ነገራት። ፊቷ አልተለወጠም።

«ጋሼ፣ ሣሩ እስከዚያ ይደርቃል።»

«ሌላ እንነጫለን» አላት።