ለሸጊቱ የገጠምሁት ፋን

እኔ ክንዱ ግሽ አባይ ሰፈር ኮምፒውተር ስጠግን አሥር ዓመቴ ነው። እጄን የሚነቅፍ የለም። ጭንቅላቴን ግን ተዉት ብቻ!

ሸጊቱ የነቀምት ልጅ ናት፤ እዚህ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ እየሠራች ማታ ትማራለች። በየቅዳሜው የኮምፒውተሯን ሲፒዩ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በባጃጅ ትመጣለች። «ክንዱ፣ ዛሬም ሞቆ ጠፋብኝ። መመረቂያ ጽሑፌን ሳልጨርስ ልሞት ነው!» ትላለች። እኔም ከፍቼ አቧራውን እነፋለሁ። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ታወራኛለች፣ ትስቃለች። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቃት ያቺን ሰዓት ነበር።

መፍትሔውን ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚስበው ብረት ደህና ነው፤ ላዩ ላይ ያለችው ማቀዝቀዣ ፋን ግን መዳፍ አታህልም፣ የሚያዝያን ሙቀት አትችልም። ተለቅ ያለ ፋን ቢገጠም ነገሩ ያበቃል። ካበቃ ደግሞ ሸጊቱ ምን ልትሠራ ትመጣለች? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልሁ።

አንድ ቅዳሜ «ዘጌን እኮ አላየሁትም። ብቻዬን ጀልባ እፈራለሁ» አለችኝ። እኔ ጅሉ ምን ብል ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ ጀልባዎቹ የሕይወት ጃኬት አላቸው!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዐይኗ አብጦ መጣች። ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ የሦስት ቀን ጽሑፏ ድራሹ ጠፍቷል። አንጀቴን በላችው። ከአንድ የሞተ ማሽን ትልቅ ፋን ነቀልሁ። የብሎን ቀዳዳው አልገጥም ሲለኝ አራቱን ማዕዘን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሬ ከብረቱ ጋር አሰርሁት። አንድ ሰዓት አስነስቼ ፈተሽሁት። ብረቱ ለብ አለ እንጂ አልፈጀኝም።

«በቃ ተሠራ ማለት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ጉራዬ መጣ። «ተሠራ ብቻ! ከእንግዲህ አምስት ዓመት ደጄን አትረግጪም!»

ትንሽ አየችኝ። «እሺ፣ ተባረክ» ብላ ሲፒዩዋን አቅፋ ወጣች።

አራት ቅዳሜ አለፈ። ሱቁን ዘግቼ ጣና ዳር እየወረድሁ ጥንድ ጥንዱን ሳይ ተቃጠልሁ። ስልኬን አወጣለሁ፤ ደውዬስ ምን ልላት ነው? ፋኑ እንዴት ነው?

በአምስተኛው ቅዳሜ እወድሻለሁ ልላት ቆርጬ ደወልሁ። ስልኳ ዝግ ነው። ወደምትኖርበት ሹም አቦ ሰፈር ሄጄ የተከራየችበትን ግቢ አጠያይቄ አገኘሁት። ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ሁለት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች አሉ። አንደኛው ውስጥ የነበረውን ልጅ ስለ ሸጊቱ ጠየቅሁት።

«ጅማ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ሳምንቷ ነው» አለኝ።

«ኮምፒውተሯን እናንተ ጋ ታሠራ ነበር?»

«እኛ ጋ? ኧረ! በነጻ እንይልሽ ስንላት እንኳ ‹እኔ የራሴ ሰው አለኝ› እያለች ባጃጅ ትጠራ ነበር» ብሎ ሳቀ።

ወደ ሱቄ በእግሬ ተመለስሁ። ሸጊቱዬ፣ ምነው አንድ ጊዜ ለእኔም ብትነግሪኝ!