አንድ ውጤት

ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሐኪሙ «የነርቭ ድካም ነው» ይለኛል፤ ከዚያ እኔን ውጭ አስቀምጦ ባለቤቴን ተናኜን ለብቻዋ ያነጋግራታል። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ከበሽተኛው ስለሚደበቅ በሽታ ግን የተረተ የለም።

እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ቴክኒካል ድሮዊንግ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ተገልብጦም ቢሆን አነባለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የበሽታውን የእንግሊዝኛ ስም ሰርቄ በቃሌ ያዝኩ።

በማግስቱ ከቦሌ አራብሳ ተነስቼ ገርጂ ሄድኩ። የቀድሞ ተማሪዬ ሉዋም እዚያ የአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። በኮሌጁ የይለፍ ቃል የሚከፈት፣ የሕክምና ጥናቶች የሚገኙበት ዳታቤዝ አላቸው። ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለዘመዴ ነው አልኳት። ውሸት ለካ ይጋባል።

የበሽታውን ስም ስታስገባ ከአራት ሺህ በላይ ጽሑፍ መጣ። ይኼ ሁሉ አይነበብም፣ እናጥበው አለችኝ። ያለፈውን አንድ ዓመት ብቻ መረጠች፤ ሦስት መቶ ቀረ። ኢትዮጵያ የሚል ጨመረች፤ አንድ ቀረ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የሆነ ነገር ወደ እኔ የሚጠጋ መሰለኝ።

ሉዋም ጽሑፉን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። መሃል ላይ ማውዙን የያዘው እጇ ቀጥ አለ። ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች።

«ሲስተሙ እንቢ አለ፣ መምህር። ነገ ቢመለሱ ይሻላል።»

ሲስተሙ ምንም አልሆነም። ልጅቷ ልክ እንደ ተናኜ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነው የዋሸችኝ። እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው።

ስክሪኑን ጎትቼ አነበብኩ። የታማሚው ስም የለም። የሃምሳ አንድ ዓመት ወንድ፣ መምህር፣ የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ፣ ግራኝ። ሕመሙ የታወቀው ክፍል ውስጥ ጠመኔ ከእጁ ደጋግሞ ሲወድቅ ነው። ቤተሰቡ ስለጠየቀ በሽታው ለታማሚው አልተነገረውም፤ ስለ ጽሑፉ ፈቃድ የፈረመችው ባለቤቱ ናት። በዚህ በሽታ ከሦስት ዓመት በላይ የሚቆይ ጥቂት ሰው ነው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ታማሚው በሕይወት አለ።»

ሦስቴ አነበብኩት። ሞትን እንዲህ በጨዋ አማርኛም ሆነ በጨዋ እንግሊዝኛ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ስልኬ ጠራ፤ ተናኜ ናት። የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ። ገርጂ፣ ጓደኛ ጋር አልኳት።

«ምነው ድምፅህ?» አለችኝ።

ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ይህችን ሴት ይህን ሁሉ ጊዜ ጎኔ ተኝታ ብቻዋን ስትፈራ እንደከረመች አሁን ገና ገባኝ። ማወቄን ካወቀች፣ የእኔን ፍርሃት በራሷ ላይ ትጨምረዋለች።

«ምንም አልሆንኩም፤ እየመጣሁ ነው» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ፣ ማወቄን ተናኜ እንዳትሰማ ሉዋምን አስማልኳት።